በጆሮ ግንዱ ላይ የነበረው እንክብል

ሰውየው ሞቶ ሳለ ማሽኑ የአንጎሉን ምስል ያነሳ ነበር። እያንኳኳና እያጓራ፣ ደም የማይዞርበትን ጭንቅላት በስሱ እየከተፈ ስክሪኑ ላይ ደረደረው። ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠው ባለሙያ የታመመው ማሽኑ መስሎት ቁልፍ ሲነካካ ቆየ። አጥፍቶ አበራው። እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ በድምፅ ማጉያው «ጋሼ፣ ተኝተዋል እንዴ?» ብሎ ሲጣራ መልስ አጣ።

ሟቹ የአንጎል ካርታ ማዕከሉ ዳይሬክተር ነበር። የማዕከሉ ሥራ አዲስ ነገር መፈለግ ሳይሆን ሌሎች ያገኙትን ማስማማት ነው። አንዱ ጥናት ጥቂት ሰዎች ማሽን ውስጥ አስተኝቶ «ንግግር የሚፈልቀው እዚህ ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ጣት ታህል ወደ ኋላ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሽራል። በየአገሩ የታተሙትን እንዲህ ያሉ ጥናቶች ደምሮ፣ ብዙዎቹ የሚገናኙበትን ነጥብ አጣርቶ፣ ሐኪም የሚመራበት አንድ ካርታ ማውጣት ክቡር ሥራ ነው። ክቡርነቱን ዳይሬክተሩ በየመድረኩ ሲለፍፈው ኖሯል። ካርታው ቢሳሳት ማን እንደሚጠየቅ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። መሳሳት የሰው ነው፤ ስህተትን በማዕረግ ከድኖ፣ በላዩ ላይ ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ ግን የወንጀለኛ ነው። ስለዚህ ሰው ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፤ ይህ ታሪክ አያለቅስለትም።

መርማሪዋ ከቀትር በኋላ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ አንድ ነገር ካልገባት እንደ ጥርስ ሕመም አትለቅም። አጭር ናት። ፀጉሯ በግራ በኩል ብቻ ሸብቷል፤ ስታስብ ያንን ሽበት በጣቷ ትጠቀልላለች።

የማሽኑ ክፍል በር ላይ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ትሪ ይዞ አገዳት።

«ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ቀበቶ፣ ሽጉጥ።»

«ሽጉጡንም?»

«በተለይ ሽጉጡን። ማግኔቱ ማዕረግ አያይም፣ ኢንስፔክተር።»

ሰውየው የማሽኑ ባለሙያ ነው። ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሰው ሁሉ ብረት ስለሚገፍፍ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ራሱን «ማግኔት» ብለው ሰይመውታል።

ሟቹ ከማሽኑ ቀዳዳ ተስቦ በወጣው ጠባብ አልጋ ላይ እስከ ደረቱ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ በቀበቶ ታስሮ ተንጋሏል። በጭንቅላቱ ላይ የሚደፋው የፕላስቲክ ጭምብል ተነስቶለታል። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ፣ እንዳይነቃነቅ የሚሸጎጡት ሁለት ስፖንጆች አሉ፤ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች የእርዳታ መጥሪያውን የላስቲክ ኳስ ጨምድደው ደርቀዋል። በግራ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግሞ ቢጫ የምታበራ አንዲት እንክብል በነጭ ፕላስተር ተለጥፋለች።

የአስከሬን ሐኪሙ የሟቹን የዐይን ሽፋን ገለበጠ።

«ቀያዮቹን ነጥቦች ታያለሽ? ከንፈሩም ከውስጥ በራሱ ጥርስ ተቆርጧል። በለስላሳ ነገር ታፍኗል።»

መርማሪዋ ስፖንጆቹን አንድ በአንድ አንስታ አሸተተች። አንዱ ምንም አይልም። ሌላው ላይ ግን የተጠረገ ዘይት ምልክት አለ፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ከዚያ በሟቹ ፊት ላይ ጎንበስ አለች። በግራው ጆሮ ግንድ ያለችው እንክብል ደህና ናት፤ አልፈነዳችም። በቀኙ ጆሮ ግንድ ላይ ግን ምንም የለም፤ ምንም ባይኖርም ቆዳው ሙጫ ነክቶት ይይዛል፣ ከፀጉሩ ጥቂቱ ተነቅሏል።

«ለምን?» አለች ለራሷ፤ ሽበቷን ጠቀለለች።

በሩ ላይ ትሪው ውስጥ ስልኳ ጠራ፤ ወጥታ አነሳችው። አለቃዋ ነው።

«አትድከሚ፤ የማዕከሉን ሾፌር ይዘነዋል። ‹የሚስቴን ምላስ ወስዷል፣ ምላሱን እቆርጠዋለሁ› እያለ በግቢው ሲምል የሰማው ሰው ብዙ ነው። በምሳ ሰዓትም እዚያ ኮሪደር ላይ ታይቷል። ከሥራ መውጫ በፊት ወደ እስር ቤት አሳልፈዋለሁ።»

«ሚስቱን ማን ይይዛታል?»

«የመንግሥት ጉዳይ አይደለም።»

«ከሥራ መውጫ በፊት አሥሬ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ነገሩ ይህ ነበር፦ የሾፌሩ ሚስት በዚሁ ማዕከል ካርታ ተመርቶ በተደረገ ቀዶ ሕክምና አንደበቷን አጥታለች፤ ቀኝ እጇም አልታዘዝ ብሏል። ፀጉሯን የሚያበጥርላት፣ የሚያጎርሳት ባሏ ብቻ ነው። እሱ ከታሰረ እሷም ታሰረች ማለት ነው።

መርማሪዋ ስልኩን ትሪው ላይ መልሳ ወደ ማግኔት ዞረች።

«አንተ ነህ ያስተኛሃቸው?»

«እኔ ነኝ። አዲስ ጥናት ሲጀመር የመጀመሪያው ጭንቅላት የሳቸው ነው፤ ልማዳቸው ነው። ‹እኔ ያልገባሁበት ማሽን ውስጥ ማንንም አላስገባም› እያሉ ይኮራሉ። እውነቱን ልንገርዎት? ጠባብ ቦታ ይፈሩ ነበር። ማስታገሻ ክኒን ሳይውጡ አይገቡም። ይህን ምስጢር የምናውቀው እኔና…»

«አንተና?»

«አንተና አንቺ የሚባል ሁሉ። ፎቁ ሙሉ ያውቃል።»

«ከዚያስ?»

«በቀበቶ አስሬ፣ ጭምብሉን አጥልቄ፣ ክኒኑ እስኪይዛቸው መብራት ቀንሼ እተዋቸዋለሁ። ሲያንጎላጁ ሥራ እንጀምራለን።»

«ያኔ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ወንበሬ ላይ።»

መርማሪዋ ከመደርደሪያው ሌላ የላስቲክ ኳስ አንስታ በሽቦው ላይ ሰካችና ጨመቀች። ከመስተዋቱ ወዲያ፣ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ፣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ኳሱን ለቀቀችው። መብራቱ አላቆመም።

«በራሱ ይጠፋል?»

ማግኔት ዐይኑን ከመብራቱ አሸሸ።

«በራሱ ይጠፋል ወይ አልኩህ!»

«ሰው ካላጠፋው አይጠፋም።»

«የሟቹን ጣቶች አየሃቸው፤ ነፍሳቸው እስኪወጣ ጨምቀውታል። መብራቱ በርቶ ነበር። አንተ ግን ወንበርህ ላይ አልነበርክም።»

«አንድ ሲጋራ… አንዲት ሲጋራ ብቻ ነች። ስመለስ መብራቱ በርቷል። እንቅልፍ ሲጥላቸው ሁልጊዜ ሳያውቁት ይጫኑታል። አጠፋሁትና ሥራዬን ጀመርኩ።»

«በሞተ ሰው ላይ።»

«በሞተ ሰው ላይ» አለ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። «ደግሞ እኮ የተጨነቅሁት ለማሽኑ ነው! ምስሉ ተገልብጦ መጣብኝ። እንክብሏ ስክሪኑ ላይ በቀኝ በኩል ታየች። ሁልጊዜ የምትታየው በግራ ነው።»

«ቆይ፣ በግራ ጆሮ ግንድ ነው የምትለጥፋት?»

«ኧረ በቀኝ! ምስሉ እኮ ፊት ለፊትዎ እንደቆመ ሰው ነው የሚታየው። የኔ ቀኝ ለርስዎ በየት በኩል ነው?» ፊት ለፊቷ ቆሞ ቀኝ እጁን አነሳ። እጁ በሷ ግራ በኩል ቆመ። «የአንጎል ግራና ቀኝ እንደ መንትያ ይመሳሰላል፤ ቢገለበጥ ማንም አይለይም። በእንክብሏ ውስጥ ያለው የዓሣ ዘይት ደግሞ ምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ስለዚህ የሚተኛው ሰው ሁሉ ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ አንዲት እንለጥፋለን። እንክብሏ ባለችበት ቀኝ ነው፤ አለቀ።»

«እኔ ላይ ለጥፍልኝ እስቲ።»

ዐይኑ እንባ አዝሎም ቢሆን እጁ አልተሳሳተም። በቀኝ ጆሮ ግንዷ ላይ፣ ከጥቁሩ ፀጉር ሥር ለጠፈላት።

የሾፌሩን ሚስት ያከመው ቀዶ ሐኪም ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ወዲያ ቆሞ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ጥፍሩ እስከ ሥሩ የተቆረጠ ሰው ነው። መርማሪዋ ወደ ክፍሉ እንዲገባ ጋበዘችው።

«እዚህ ሆነው ይጠይቁኝ። ደረቴ ውስጥ የልብ ባትሪ አለ፤ ከዚህ መስመር ካለፍኩ ማግኔቱ ሥራዬን ይጨርሰዋል። ማግኔትን ይጠይቁት፣ ስመጣ በሩን የሚዘጋው በትሪ ሳይሆን በገላው ነው።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተባለ? እኔ እኮ በአዳራሽ ውስጥ ነው የተናገርኩት። ‹ቆዳህን ገፍፌ ካርታህን እሱ ላይ እስልልሃለሁ› ነው ያልኩት። እንዲሰማ ጮኼ ነው ያልኩት።»

«ለምን?»

«የሾፌሩ ሚስት ግራ እጇን የምትጠቀም ሴት ናት። በግራ እጅ የሚጠቀሙ ሰዎች የንግግር ቦታ ከሌላው ሰው ሊለይ ይችላል። የማዕከሉ አዲስ ካርታ ‹የነዚህ ሰዎች ንግግር የሚበዛው በቀኝ በኩል ነው› አለ። ዕጢዋ በግራ ነበር። ካርታውን አምኜ ያለ ስጋት ቆረጥኩ። ስትነቃ ስሟን ጠየቅኋት። ‹እሺ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከአፏ የወጣ ሌላ ቃል የለም። በኋላ የሌሎችን ጥናት ሳገላብጥ ተቃራኒውን ነው የሚሉት። ካርታው ተገልብጧል ብዬ ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። ምን አሉኝ? ‹ካርታዬን ተዋትና ቢላህን አስተምረው።›»

«ካርታው ከብዙ ጭንቅላት የተውጣጣ ነው። ሴትዮዋ ያላት አንድ ጭንቅላት ነው። እሷን ራሷን ማሽኑ ውስጥ አስተኝተው ንግግሯ የት እንደሆነ ለምን አላዩም?»

ሐኪሙ ቢጫውን መስመር ተመለከተ። «ካርታ ስለነበረኝ» አለ።

የአንዲትን ሴት ዕድሜ ልክ ዝምታ በሁለት ቃል መልሶ ጨረሰው! መርማሪዋ እንክብሏን ከሩቅ አሳየችው።

«ይቺ የት ነው የምትለጠፈው?»

«ቀኝ። ይህን የማያውቅ ሐኪም ቢላ አይጨብጥ» አለ፤ እንደተናገረ የራሱ ቃል መልሶ የወጋው ይመስል ፊቱን አዞረ።

የስሌት ባለሙያዋ ክፍል ኮምፒውተሮቹ እንዳይግሉ እንደ ማቀዝቀዣ ተደርጓል። ወጣት ናት፤ ዐይኖቿ ያበጡ፣ ንግግሯ የተሳለ። እርስ በርስ የሚቃረኑትን ጥናቶች የምታዋህደው እሷ ስለሆነች ማዕከሉ ውስጥ «አስታራቂዋ» ይሏታል። የሾፌሩ ሚስት ደግሞ ታላቅ እህቷ ናት። ትከሻዋን በሁለት እጇ አቅፋ ትንቀጠቀጣለች፤ አንድ እርጥብ የሱፍ ሻርፕ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል።

«ታጥቦ ነው?»

«ሻይ ፈሰሰበት።»

«የማስታረቁን ሥራ እስቲ አስረጂኝ። እኔ የሰው ፀብ እንጂ የጥናት ፀብ አላውቅም።»

አስታራቂዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ከሰው ይቀላል። እያንዳንዱ ጥናት አንጎል ውስጥ ነጥብ ይጠቁማል። ሁሉንም ነጥቦች አንድ ጭንቅላት ላይ እጥላቸዋለሁ። በአጋጣሚ የወደቀው ብቻውን ይቀራል፤ እውነት የሆነው ይከማቻል። የተከማቸው ካርታ ይሆናል።»

«የግራ እጅ ሰዎችስ ካርታ?»

ፈገግታው ጠፋ። «በነሱ ላይ የተሠራ ጥናት በሌላው ዓለም ጥቂት ነው። አብዛኛው የራሳችን ማዕከል ነው። የራሳችን የቆዩ ምስሎች ደግሞ ግራና ቀኛቸው አልተጻፈባቸውም፤ እንክብሏን እያየሁ ነው አቅጣጫ የማስይዛቸው።»

«አንቺ?»

«ሌላ ማን አለ? ካጸደቁት በኋላ ግን የዳይሬክተሩ ካርታ ነው። በፈለጉት መንገድ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር።» የመጨረሻዋን ቃል እንደ መራራ ነገር ተፋቻት።

«ዛሬ በምሳ ሰዓት ማሽኑ ክፍል ገብተሻል?»

«እኔ? ማዕከሉ ውስጥ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ገብቼ አላውቅም። ሰው ሲተኛም አይቼ አላውቅም። እኔ ነጥብ እንጂ ሰው አይደለም የማየው።»

«እንግዲያው በነጥብ እርጂኝ» አለችና መርማሪዋ እንክብልና ፕላስተር ሰጠቻት። «ማግኔት ሊያሳየኝ ሞክሮ ግራ አጋባኝ። ለኔ በየት በኩል ነው የምትለጠፈው?»

አስታራቂዋ ሳታመነታ ተነሳች። ጣቷ ቀዝቃዛ ነው። እንክብሏን በመርማሪዋ ሽበት ሥር በጥንቃቄ ለጠፈቻት።

«ይኸው። ማግኔት ሲያስረዳ ሁልጊዜ ያንዛዛዋል።»

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አለች መርማሪዋ። በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ወደ ሻርፑ ጠጋ አለችና አፍንጫዋን አሻሸች።

ሾፌሩን በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አቅፎ አገኘችው።

«ገደሉት?»

«ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር፣ እህቴ። ሌላ ሰው ቀደመኝ፤ እጁ ይባረክ። ኮሪደሩ ላይ የቆምኩት የሚስቴን ስም ያለ ቀልድ እንዲጠራ ፈልጌ ነው። ሁልጊዜ ያልፈኛል፣ ‹እመቤቲቱ እንዴት ናት› ይለኛል። ሚስቴን! ለሁሉ ነገር ‹እሺ› ነው የምትለው። ስትናደድ እሺ፣ ስትስቅ እሺ፣ ድመቷን ስታባርር እሺ። ሌላ አልቀራትም። እሱ ግን አፉን ሞልቶ ይናገራል።»

እንክብሏን ስታቀርብለት ወደ አፉ ወሰዳት።

«ኧረ አይዋጥም! የት እንደሚለጠፍ ያውቁ እንደሆነ ነው።»

«ይህ መድኃኒት አይደለም እንዴ? የሚለጠፍ ክኒን አይቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ ሳቀች፤ በዚያ ቀን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልትወጣ ስትል ዞራ፣ «የሚስትዎ እህት የምትለብሰው ሻርፕ የሱፍ ነው?» አለች።

«እሷ ናት የሠራችላት፤ ሚስቴ። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት፣ ሁለቱም እጇ ደህና ሳለ። የመጨረሻ ሥራዋ ናት። ልጅቷ በሙቀትም አታወልቃትም።»

መርማሪዋ እዚያው ቆማ ለአለቃዋ ደወለች። «ሾፌሩን ከነሚስቱ ወደ ማዕከሉ አዳራሽ አምጣልኝ። አንተም ና።»

አዳራሹ ውስጥ ካርታው ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ቀይና ብርቱካን ቀለም የረገፈበት ትልቅ አንጎል። ከሥሩ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ማግኔት ጥግ ይዞ ወለሉን ያያል። ቀዶ ሐኪሙ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሾፌሩ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ የማትታዘዘዋን ቀኝ እጇን ጭኑ ላይ አሳርፏል። ታናሽ እህቷ አስታራቂዋ በሌላው ጎኗ ናት። አለቃው ሰዓቱን ያያል።

«እህቴ፣ ብንጀምር ቅር ይልሻል?» አለች መርማሪዋ ለታማሚዋ።

«እሺ» አለች ሴትዮዋ። ዐይኖቿ ሁሉን ያያሉ፤ የጠፋባት ቃል እንጂ ልብ አይደለም።

መርማሪዋ እንክብሎችና ፕላስተር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ነገሩ ያለው እዚህች ውስጥ ነው። ማግኔት ሟቹን ሲያስተኛ በቀኝ ጆሮ ግንዳቸው ላይ አንዲት ለጥፏል። ሙጫው አሁንም እዚያ አለ። ማግኔት ለሲጋራ ሲወጣ ገዳዩ ገባ። ጭምብሉን አነሳ፤ ሁለቱን ስፖንጆች ከጎንና ከጎን መንጭቆ አወጣ፤ በነሱ አፈናቸው። ያን ጊዜ እንክብሏ ከነፕላስተሯ ተነቅላ ስፖንጁ ላይ ፈነዳች። በደብዛዛ ብርሃን፣ በግብግብ መሀል፣ የትኛው ስፖንጅ ከየት እንደወጣ ማን ያስታውሳል? ገዳዩ ሰውየው ማሽኑ ውስጥ በራሱ የሞተ እንዲመስል ፈለገ። ዘይቱን ጠረገ፤ ስፖንጆቹን መለሰ፤ ከሳጥኑ አዲስ እንክብል አውጥቶ ለጠፈ። በግራ።»

«ተሳሳተ» አለ አለቃው።

«አልተሳሳተም። እርግጠኛ ነበር፤ የሰው ራስ ላይ ስትለጠፍ ግን አይቶ አያውቅም። አንድ በአንድ እንያቸው። ሾፌሩ እንክብሏን ሊውጣት ነበር። የፈነዳችዋን እንዳለች ትቶ ይሄዳል እንጂ ሌላ ለመተካት አያስብም። ቀዶ ሐኪሙ ያንን ቢጫ መስመር ቢያልፍ አስከሬናችን ሁለት ይሆን ነበር። ማግኔት እንባው እየወረደም በቀኝ ነው የለጠፈልኝ። ደግሞ እሱ ቢሆን ኖሮ ‹ምስሉ ተገለበጠብኝ› ብሎ አያወራልኝም።»

ማንም ወደ አስታራቂዋ አላየም፤ ሁሉም ግን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

«እንክብሏን ስክሪን ላይ ብቻ የሚያይ ሰው በግራ በኩል ነው የሚያያት» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ምስሉ ፊት ለፊት እንደቆመ ሰው መሆኑን ካላወቀ፣ ‹እንክብል የግራ ምልክት ናት› ብሎ ይኖራል። አንቺ ሰው ሲተኛ አይተሽ አታውቂም። ነጥብ ነው የምታዪው። ዛሬ ሽበቴ ላይ ለጠፍሽልኝ፤ ሟቹ ላይ በለጠፍሽበት ቦታ። በሻርፕሽ የጠረግሽው ዘይት ደግሞ በውኃ አይለቅም፤ ክፍልሽ ሁሉ ዓሣ ይሸታል። እህትሽ የሠራችልሽ ባትሆን ትጥያት ነበር። አልቻልሽም።»

አስታራቂዋ ተነሳች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም፤ ለረጅም ጊዜ የተቆለፈ በር የተከፈተ ይመስል ነበር።

«አዎ! ገድየዋለሁ። ደግሜም እገድለዋለሁ!» አለች። «የእኛ ምስሎች የሌላው ዓለም ሁሉ ግልባጭ መሆናቸውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሮጬ ነገርኩት። እህቴን አጥፍተናታል፣ ካርታውን እናውርደው፣ ሌላ ሰው እንዳይቆረጥ አልኩት። ምን አለኝ? ‹ዝም በይ። ማን እንደገለበጠው ብነግርሽ መኖር ያቅትሻል።› አስፈራራኝ! ካርታውን ገልብጦ፣ አስጨብጭቦበት፣ ሊገድለኝ ዛተብኝ። የእህቴን አፍ ስለዘጋ አፉን ዘጋሁት። ዐይኑን ሲከፍት ፊቴን አይቷል። ያወቀኝ ጊዜ ነው ደስ ያለኝ።»

«አንጀቴን አራስሽው» አለ ሾፌሩ በሹክሹክታ። ሚስቱ ግን መርማሪዋን እንጂ እህቷን አታይም ነበር።

«ዛቻ አልነበረም» አለች መርማሪዋ።

«ምን?»

«‹አቅጣጫ የማስይዛቸው እኔ ነኝ፤ እንክብሏን እያየሁ› አላልሽኝም? እንክብሏ ግራ ናት ብለሽ የምታምኚ ከሆነ፣ እነዚያን ምስሎች ሁሉ ማን ገለበጣቸው?»

አስታራቂዋ ወደ ግድግዳው ካርታ ዞረች። ጣቷ በአየር ላይ ተነሳ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ አለ። ማግኔት ከጥግ ሆኖ ሳያስበው ቀኝ እጁን አነሳላት፣ ለመርማሪዋ እንዳነሳው። እጁ በሷ ግራ በኩል ቆመ። እሱን አየች፤ ወንበሩን ይዛ ቀረች።

«እሱ ያውቅ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ለአንቺ አዝኖ ይሁን ለካርታው ሳስቶ ዝም ያለው፣ ገድለሽዋልና አንጠይቀውም። ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ዝም ብሏል፤ ካርታው ዛሬም ግድግዳ ላይ ነው። አንቺ ግን ከሱ በምን ተለየሽ? የእህትሽን ባል ካቴና አስገብተው ሲወስዱት በመስኮት አላየሽም? እሱ ካርታውን ለማዳን ዝም አለ፤ አንቺ ራስሽን። እህትሽን የሚያጎርሳትን እጅ ልታሳስሪባት ነበር።»

«ልናገር ነበር… ነገ ልናገር ነበር…»

ቀዶ ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ሄዶ ካርታውን ከላይ ይዞ ወደ ታች ሸረከተው። ማንም አልከለከለውም። የዘገየ ነገር ነበር፤ የሱም ሆነ የሌላው።

ከዚያ ታማሚዋ ተነሳች። ባሏ ሊደግፋት ሲል በክንዷ ገፋ አደረገችው። በግራ እጇ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት እንክብል አነሳች፤ ፕላስተሩን በጥርሷ ቆረጠች፤ እህቷ ፊት ቆመች። ታናሿ እንደ ልጅነቷ አቀርቅራ ቀረች። ታላቋ አገጯን ቀና አደረገችና እንክብሏን በጆሮ ግንዷ ላይ አኖረቻት፤ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት። በቀኝ።

«እታለም» አለች አስታራቂዋ፤ እንባዋ በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ወረደ። «ላንቺ ብዬ ነው። አላወቅሁም። ይቅር በይኝ፤ እታለም፣ ይቅር ብዬሻለሁ በይኝ።»

ለድመቷም፣ ለሐኪሙም፣ ለመርማሪዋም «እሺ» ትላለች ያቺ ሴት። ከዓለም ቃል ሁሉ የቀራት ይህች አንዲት ቃል ብቻ ናት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያቺን ቃል ጠበቀ።

ሴትዮዋ ከንፈሯን ገጠመች። ባሏን በግራ እጇ ይዛ ወደ በሩ ሄደች።